ረጅሙን ፓተሬን ልጣለው?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ዓምድሽን ሁሌም አነባለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የ67 ዓመት ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ታክሲ ስነዳ ኖሬ፣ ጎልፍ የጀመርኩት ጡረታ ስወጣ ነው። ከሦስት ያገሬ ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንጫወታለን። የተሸነፈ ቁርስ ይጋብዛል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።

ችግሬ እጄ ነው። ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሜ የከፋ በሽታ እንዳልሆነ ነግሮኛል፣ ግን አልለቀቀኝም። ሩቅ ስመታ ምንም አልል። ቀዳዳው አጠገብ ስደርስ ግን አንድ ክንድ የማትርቅ ኳስ እንኳ እስታለሁ። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ረጅም ፓተር (ቀዳዳው አጠገብ የሚመቱበትን ዱላ) ገዛሁ። ጫፉን ደረቴ ላይ ደገፍ አድርጌ ስመታበት እጄ ጸጥ አለ። ኳሷም መግባት ጀመረች። ቁርስ መጋበዙም ቀረልኝ።

ይሄኔ ጣጣ መጣ። አንዱ ጓደኛዬ «ይሄ ነገር ከተከለከለ ስንት ዓመቱ፤ እያጭበረበርክ ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ ዱላው ራሱ ክልክል ነው ይላል። አጭበርባሪ መባል በጣም ከነከነኝ። እውነት ክልክል ነው? ከሆነስ እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው ትያለሽ?

መ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ጋሽ መ.፣ ዱላዎን አይጣሉት። ረጅም ፓተር ክልክል አይደለም። የሌሎቹ ዱላዎች ርዝመት ከ48 ኢንች እንዳያልፍ ተወስኗል፣ ፓተር ግን ከዚህ ውጭ ነው። የተከለከለው አመታቱ፣ ማለትም ገላ ላይ አስደግፎ መምታቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጓደኛዎ ስለ ሕጉ ልክ ናቸው፣ ሁለተኛው ተሳስተዋል። «አጭበርባሪ» የሚለው ቃል ግን አይገባዎትም። ሕጉን ሳያውቁ የመቱ ሰው አጭበርባሪ አይባልም።

ሕጉ ቁጥር 10.1ቢ ነው። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ኳሷን ሲመቱ ዱላውን ወይም ዱላውን የያዘውን እጅ ገላዎ ላይ ለጥፈው መያዝ አይችሉም። ደረትም፣ ሆድም፣ አገጭም ያው ነው። ክንድዎን ከጎንዎ ጋር አጣብቀው የላይኛውን እጅ የማይነቃነቅ ማዞሪያ ማድረግም አይፈቀድም። የሚፈቀደው ከክርን በታች ባለው ክንድ ላይ ማስደገፍ ብቻ ነው። ቅጣቱ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ምት መጨመር ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ በሚቆጠር የሰው ለሰው ግጥሚያ ደግሞ ያንን ቀዳዳ ይሸነፋሉ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጎልፍ የማይጫወቱ አንባቢዎች ይሄ ሁሉ ሙግት ለአንዲት አጭር ምት ነው ወይ ይሉ ይሆናል። አዎ፣ ለእሷ ነው። በአንድ ሙሉ ሜዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 72 ምት ይጠበቃል። ከዚያ ውስጥ ግማሹ፣ 36ቱ፣ ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ላይ ለሚመታው ፓት ለሚባለው አጭር ምት የተተወ ነው። ቀዳዳው 108 ሚሊሜትር ብቻ ስፋት አለው። ጉልበት የሚባል ነገር እዚያ ቦታ አይሠራም። እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። እጅ ከከዳ ደግሞ ሁሉም ነገር ከዳ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። መከልከል ነበረባቸው ወይ? ነበረባቸው እላለሁ። ግን ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተዉት፣ ዕዳው ደግሞ እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ላይ አረፈ።

ነገሩ የተጀመረው በጉብዝና ሳይሆን በሕመም ነው። ቻርሊ ኦወንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች ነበር። ወጣት ሳለ የጦር ሠራዊቱ ፓራሹት ዘላይ ሆኖ ጉልበቱ ተጎዳ፣ እግሩም እንደ ልብ አልታጠፍ አለ። ኋላ ላይ ደግሞ ፓት ሲመታ እጁ እየዘለለ አስቸገረው። በእንግሊዝኛ «ዪፕስ» የሚሉት ነገር ነው። ይሄን ጊዜ ወደ 50 ኢንች የሚጠጋ ፓተር አሠርቶ ደረቱ ላይ እያስደገፈ መምታት ጀመረ። በ1986 በአንጋፋዎቹ ውድድር ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ያኔ ማንም «ይከልከል» ብሎ አልጮኸም። የሽማግሌና የበሽተኛ ዱላ ነው ብለው ተዉት።

ጩኸቱ የመጣው ወጣቶቹ ሲይዙት ነው። በ2011 ኪገን ብራድሊ ሆዱ ላይ በሚያስደግፈው ፓተር የፒጂኤ ሻምፒዮናን ወሰደ። በእንዲህ ዓይነት አመታት ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በ2012 ዌብ ሲምፕሰን ዩ ኤስ ኦፕንን ወሰደ። በዚያው ዓመት ክረምት ኧርኒ ኤልስ ብሪቲሽ ኦፕንን አሸነፈ። ያችን የመጨረሻ ቀን ያየ አይረሳትም። አዳም ስኮት አራት ቀዳዳ ሲቀረው በአራት ምት እየመራ ነበር። አራቱንም ቀዳዳዎች አንዳንድ ምት እያባከነ ሄደና ዋንጫው ለኤልስ ሆነ። የተሸነፈውም ያሸነፈውም ዱላቸውን ገላቸው ላይ የሚያስደግፉ ነበሩ። ስኮት በ2013 ሚያዝያ በዚያው ረጅም ፓተሩ ማስተርስን አሸንፎ ተካሰ፤ ማስተርስን ያሸነፈ የመጀመሪያው አውስትራሊያዊም ሆነ። ከብራድሊ ድል ጀምሮ ከተደረጉት ስድስት ታላላቅ ውድድሮች አራቱ በዚህ አመታት ተወሰዱ ማለት ነው።

ሁለቱ ሕግ አውጪዎች፣ የስኮትላንዱ አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካው ዩ ኤስ ጂ ኤ፣ የስኮትን ድል እንኳ አልጠበቁም። ኖቬምበር 28 ቀን 2012 ረቂቁን አወጡ፣ ሜይ 21 ቀን 2013 አጸደቁት። በመሃል ትልቅ ሙግት ነበር። የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች ውድድር) ኃላፊ ቲም ፊንቸም በይፋ ተቃወሙ። ታይገር ዉድስ ደግሞ ዱላ መወዛወዝ አለበት ብሎ እገዳውን ደገፈ። ተቃዋሚዎቹ «ይሄ አመታት ጥቅም እንደሚሰጥ በቁጥር አሳዩን» ብለው ጠየቁ። ሕግ አውጪዎቹ በቁጥር አልተከራከሩም። የእነሱ መልስ፣ ጉዳዩ ጥቅም አገኘ አላገኘ ሳይሆን ምት የሚባለው ነገር ምን መሆን አለበት የሚለው ነው የሚል ነበር።

ብዙ ሰው ይሄን መልስ ሽሽት ነው ይለዋል። እኔ ትክክለኛው መልስ ነው እላለሁ። ጨዋታ ማለት እኮ ራሱ ባወጣው ገደብ የሚኖር ነገር ነው። እግር ኳስ ላይ በእጅ መንካት የተከለከለው በእጅ የነካ ብዙ ጎል እንደሚያገባ ተጠንቶ አይደለም። በእጅ ከተነካ ሌላ ጨዋታ ስለሚሆን ነው። ጎልፍም ላይ ሁለት እጆች ዱላውን በነፃ አወዛውዘው ኳሷን ይመታሉ። ሲፈሩ ይንቀጠቀጣሉ። ያንን ፍርሃት ይዞ መምታት የጨዋታው አካል ነው። የዱላውን ጫፍ ደረት ላይ ከተከሉት ከሚንቀጠቀጠው ነገር ግማሹን አስወገዱት ማለት ነው። እርስዎ ራስዎ «እጄ ጸጥ አለ» ብለው የለ? ከእርስዎ በላይ የገለጸው የለም።

ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። ሳም ስኒድ ከጎልፍ ታላላቆች አንዱ ነው። በ1966፣ ዕድሜው 54 ሆኖ፣ ፓት አልገባ ቢለው እግሮቹን ከኳሷ መስመር ግራና ቀኝ አንፈራጦ፣ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አዙሮ፣ በእግሮቹ መሃል መምታት ጀመረ። ለማስተርስ መሥራቹ ለቦቢ ጆንስ ይሄ ጎልፍ አልመስል አላቸው። ከ1968 ጀምሮ ተከለከለ። ስኒድ አልተሸነፈም። ሁለቱንም እግሮቹን በአንድ በኩል ሰብስቦ ጎን ለጎን እየቆመ መምታቱን ቀጠለ። በ1974፣ በ62 ዓመቱ፣ በፒጂኤ ሻምፒዮና ሦስተኛ ደረጃ ተጋርቶ ጨረሰ።

ያ የ1968ቱ ሕግ የሚወደድ ባሕርይ አለው። ይታያል። እግርዎ መስመሩን አንፈራጧል ወይስ አላንፈራጠጠም? ሜዳው ዳር የቆመ ልጅ እንኳ ይፈርዳል። የ2016ቱ ግን እንዲህ አይደለም፤ እኔና ሕጉ የምንለያየውም እዚህ ላይ ነው።

ሥራዬ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሕዝብ ሜዳ ላይ ዱላ መጠገን ነው። ረጅም ፓተር እጀታው ሊቀየር ይመጣልኛል። ሞርሳ ላይ አስሬ አሮጌውን ጎማ በቢላ ስገፍፈው፣ ገላ ላይ የተደገፈና ያልተደገፈ ዱላ ብዙ ጊዜ ይለየኛል። የተደገፈው አናቱ ላይ ተልጦ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ላይ የሸሚዝ ብናኝ ተጣብቆ ይገኛል። ያልተደገፈው ላይ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው ያለው። እኔ ይሄን የማየው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሜዳ ላይ፣ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ዳኛ እጅና ደረት መሃል አንድ ጣት ክፍተት ይኑር አይኑር በምን ያውቃል? ሰፋ ያለ ሸሚዝ የለበሰ እንደሆነማ ጭራሽ አይታይም።

በርንሃርድ ላንገር ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ማስተርስን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ በዪፕስ ደጋግሞ የተሠቃየ ሰው ነው። ከእገዳው በኋላም ረጅም ፓተሩን አልተወም፣ እጁን ከደረቱ ፈቀቅ አድርጎ ይመታል። በ2017 ቪዲዮ እየተቆረጠ «ነክቷል፣ አልነካም» ተባለበት። ዩ ኤስ ጂ ኤ ሕግ አልጣሰም አለ፤ ወሳኙም የተጫዋቹ ሐሳብ እንደሆነ ጨምሮ አስረዳ። ላንገርን አምነዋለሁ። ግን ሐቀኛ ሰው ሐቀኛ መሆኑን ማሳየት የማይችልበት ሕግ ጥሩ ሕግ አይደለም። እርስዎም ነገ እጅዎን ከደረትዎ ቢያርቁ ያው ጓደኛዎ «ነካ» ማለታቸው አይቀርም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ክንድ ነው። አርም ሎክ የሚባለው አያያዝ ረዘም ያለ እጀታ የግራ ክንድ ላይ ተለጥፎ የሚመታበት ነው። ሕጉ በግልጽ ፈቅዶታል። ዌብ ሲምፕሰን ሆዱ ላይ ማስደገፍ ሲከለከል ወደ ክንዱ አዞረው፣ በ2018ም ፕሌየርስ ሻምፒዮንሺፕን በአራት ምት ልዩነት አሸነፈ። ብራይሰን ዲሻምቦም በ2020 ዩ ኤስ ኦፕንን የወሰደው በዚሁ አያያዝ ነው። ሁለቱም ሕግ አክብረው ነው የተጫወቱት፣ አንዳች አልወቅሳቸውም። ግን የእጅ አንጓ እንዳይታጠፍ ዱላውን ክንድ ላይ ማሰርና ደረት ላይ መትከል የሚያስወግዱት ያንኑ መንቀጥቀጥ ነው። አንዱን ከልክሎ ሌላውን መፍቀድ አይዋጥልኝም።

እኔ ብሆን ሁለት ነገር አደርግ ነበር። አንደኛ፣ ክንድ ላይ ማስደገፉንም አብሬ እከለክላለሁ። ዱላው ከመዳፍና ከጣት በስተቀር የትም እንዳይለጠፍ። ያኔ ለማየትም ለመፍረድም ይቀላል። ሁለተኛ፣ በሐኪም የተረጋገጠ የእጅ ሕመም ላለበት ሰው ደረት ላይ ማስደገፍን እፈቅዳለሁ። ይሄ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። ከ2023 ጀምሮ ሕግ 25 የሚባለው አካል ጉዳት ላለባቸው ተጫዋቾች የተሻሻለ ነው። እጅ ወይም ክንድ የጎደለው ሰው ያለ ድጋፍ ዱላውን ይዞ ማወዛወዝ ካልቻለ ገላው ላይ ማስደገፍ ይችላል። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ግን ገና አልተከፈተም።

ቲም ክላርክን ያስቡት። ደቡብ አፍሪካዊው ተጫዋች ሲወለድ ጀምሮ የእጅ አንጓው እንደ ሌላው ሰው አይዞርም። ረጅም ፓተር የያዘው ለዚህ ነው፣ በ2010 ፕሌየርስን ያሸነፈውም በእሱ ነው። እገዳው ለእሱም ለጤነኛውም እኩል ወረደ። ዪፕስን የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች አጥንተውታል። ከፊሉ ላይ ጭንቀት ነው፣ ከፊሉ ላይ ግን የጡንቻና የነርቭ ችግር ነው። ሁለተኛውን «አይዞህ፣ በርታ» ብሎ ማዳን አይቻልም። የ22 ዓመት ጤነኛ ፕሮፌሽናልና የ67 ዓመት የሚንቀጠቀጥ እጅ ያለው ጡረተኛ በአንድ መስመር የታሰሩበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይሄ ያናድደኛል ጋሼ፣ አልደብቅዎትም።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን መጫወት አለብዎት። የሚከተለውን ይሞክሩ።

ዱላውን እንደያዙት ይያዙት። የግራ እጅዎ ጡጫ ጫፉ ላይ ይሁን፣ አውራ ጣትዎ አናቱን ይክደን። ከዚያ ጡጫዎን ከደረትዎ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ያውጡት። ክርንዎን ከጎንዎ ጋር አይጫኑት፣ ይልቀቁት። ቀኝ እጅዎ መጨበጥ የለበትም፤ ዱላውን በአውራና በሌባ ጣትዎ መሃል ብቻ አድርገው በቀስታ ይግፉት። የሚንቀጠቀጠው እጅ ባልጨበጠ ቁጥር መንቀጥቀጡ ወደ ዱላው ራስ አይወርድም። ሉካስ ግሎቨር ለዓመታት በዪፕስ ተሠቃይቶ በ2023 ወደ ረጅም ፓተር ዞረ፣ በዚያው ነሐሴ ሁለት ውድድር በተከታታይ አሸነፈ። ደረቱን ሳይነካ ነው። ስለዚህ ይቻላል።

ሸሚዝዎ ሰውነት ላይ የሚቀመጥ ይሁን። እጅዎ ወይም ዱላው በመሃል ልብስ ነካ ቢያደርግ ጥፋት አይደለም። ልብሱን ይዞ ገላ ላይ መጫን ግን እንደ ማስደገፍ ይቆጠራል። ሰፊ ጃኬት ለብሰው ቆመው «አልነካሁም» ማለት ነገር መጥራት ነው።

ዱላው ያገለገለ ስለሆነ ሁለት እጀታውን ይዩልኝ። ሁለቱም ክብ መሆን አለባቸው፣ በመሃላቸውም ቢያንስ አንድ ኢንች ተኩል ክፍተት መኖር አለበት። ቀድሞ የያዘው ሰው ራሱ ጠግኖት ከሆነ እዚህ ላይ ስህተት አይጠፋም። ርዝመቱም ለደረት ተብሎ የተቆረጠ ከሆነ ጡጫዎ ወደ ፊት ሲወጣ ዱላው ሊበዛብዎት ይችላል። አንድ ኢንች ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቤት ውስጥ በመጋዝ አይሞክሩት፣ አቅራቢያዎ ያለ ጥገና ቤት ይውሰዱት።

የቅዳሜው ጨዋታ ደግሞ የእናንተው ነው። ውጤታችሁን ለሃንዲካፕ (የተጫዋችን ደረጃ ለሚያሳየው ቁጥር) የማታስገቡ ከሆነ፣ አራታችሁ ቁጭ ብላችሁ «የጋሽ መ. እጅ ታሟል፣ ደረቱ ላይ ያስደግፍ» ብትባባሉ ማንም አይከለክላችሁም። ዋናው ከጨዋታው በፊት መነጋገሩ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ጓደኞችዎ ይሄን ሊሉ የሚገባቸው ሳይጠየቁ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ዳላስ ውስጥ ጎልፍ ይማራል። አሰልጣኙ አርም ሎክ ልጀምረው ይላል። ይሻለዋል?

የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሕጋዊ ነው፣ አሰልጣኙም ጥፋት አልሠራም። እኔ ግን ለልጅ አልመክርም። ጓን ቲያንላንግ የሚባል ቻይናዊ ልጅ ሆዱ ላይ በሚያስደግፈው ፓተር ኖቬምበር 2012 የእስያ ፓሲፊክ አማተር ሻምፒዮን ሆነ። የእገዳው ረቂቅ የወጣው በዚያው ወር ነው። በ14 ዓመቱ ማስተርስ ላይ ተጫውቶ ማጣሪያውን አለፈ፤ ግን የያዘው አያያዝ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ክልክል ሊሆን በረቂቁ ቀኑ ተቆርጦለት ነበር። ክንድ ላይ ማስደገፍም አንድ ቀን ይከለከላል ብዬ አስባለሁ፣ እንዲከለከልም እፈልጋለሁ። ልጅሽ ጤነኛ እጅ ካለው በተራ 33 ወይም 34 ኢንች ፓተር ይጀምር። ግራ እጁን ከታች አድርጎ መያዝ ከፈለገ ይያዝ፣ እሱን የከለከለ የለም። እጁ የሚያስቸግረው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። መልሰሽ ጻፊልኝ።